ማክሰኞ ማክሰኞ የሚታከም ውሃ

ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል በምትወርድ አንዲት ቀበሌ ሰንብቼ ተመልሻለሁ። ስሟን አልጽፍም፤ የሰው ገመና ነው። አብዛኞቻችሁ እዚያ አትደርሱም፤ ለንግድም ለሽርሽርም የሚያስኬድ ነገር የላትም። እኔም ባልሄድ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሥራዬ ደሴ ነው። የመጠጥ ውሃ እመረምራለሁ። ከየገጠሩ በበረዶ ሣጥን የሚመጣልኝን ጠርሙስ ተቀብዬ፣ መርምሬ፣ ቅጹን ሞልቼ እፈርማለሁ። ለዚህች ቀበሌ ውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለመጠጥ ተስማሚ» እያልኩ ፈርሜያለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን የቀበሌዋ የጤና ኬላ ሠራተኛ ሕፃናቱ ተቅማጥ አልለቅ አላቸው እያለች ስትጽፍ ከረመች። በጻፈች ቁጥር የእኔ ወረቀት ቅጂ እየተያያዘ ይመለስላታል፤ ውሃው ንጹህ ነው፣ ሌላ ምክንያት ፈልጊ እየተባለች። ይህንን የሰማሁት በአጋጣሚ፣ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለኝ። ወይ እሷ ተሳስታለች፣ ወይ እኔ። ሄጄ በገዛ እጄ ልቅዳው አልኩና ፈቃድ ጠየቅሁ።

ሐሙስ

ማለዳ ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። «መንገዱ ክፍት ነው?» ስንለው ሾፌሩ «እስካሁን ክፍት ነው» አለን። ዘንድሮ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ሾፌር የለም። ረዳቱ የመመርመሪያ ሣጥኔን ጣሪያ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ሊጠፍረው ሲል ተጣላን። «ጋሼ፣ ሣጥን ሣጥን ነው እኮ!» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሲያናድዱኝ ድምፄ ቶሎ ይወጣል። በመጨረሻ ጭኔ ላይ ታቅፌው ተቀመጥኩ፤ ጉጉፍቱ ሳንደርስ ሁለቱም እግሮቼ ደነዘዙ።

ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወረድን። ሣጥኑ ሲከፈት ባትሪ፣ ሽቦና የተደረደሩ ትንንሽ የብረት ሳህኖች ታዩ። ተሳፋሪው ሁሉ ከእኔ ራቅ ራቅ ብሎ ቆመ። «የውሃ መመርመሪያ ነው» ብዬ አስረዳሁ። ፈታሹ ልጅ እግር ወታደር ነው፤ «ውሃ በዓይን አይታይም እንዴ?» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን ምንጭ እኔ ራሴ በዓይኔ አይቼው አላውቅማ።

አቀስታ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማም ነፋስ የለውም ነበር። አቀስታ ስንገባ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ መኪና አልነበረምና እዚያው አደርኩ። የአቀስታን ብርድ ለደሴ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ እኛ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠን ቅዝቃዜ የምናውቅ ይመስለናል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወፈር ያሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። የበግ ቅቅል በገብስ እንጀራ አቀረቡልኝና፣ ስተኛ ደግሞ ትንሽ ጀሪካን ሙሉ የሞቀ ውሃ ይዘውልኝ መጡ፤ «ለእግርዎ» አሉኝ። ብርድ ባትሪ ይገድላልና ጀሪካኑን ከሣጥኑ ጎን አድርጌ ሁለቱንም በብርድ ልብስ ጠቀለልኳቸው። ሴትየዋ አይተው ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ ያረቢ! ሣጥኑን ሚስት አደረጉት እኮ!» አሉና ሌላ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ።

ዓርብ

መካነ ሰላም የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ነበረ። የአካባቢውን የውሃ ፋይሎች የሚይዝ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ደግ ሰው ነው፤ ገና ሰላም ሳልለው «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። የቀበሌዋን ፋይል አወጣልኝ። ያማረ ፋይል ነው። ክሎሪን የተጨመረበት ቀን፣ ታንከሩ የታጠበበት ቀን፣ ጥንቅቅ ተደርጎ በአንድ ሰው እጅ ተጽፏል። ከኋላው የእኔ ወረቀቶች በተራ ታስረዋል።

«እንደዚህች ቀበሌ የሚያኮራን የለም» አለኝ። «የውሃ ተንከባካቢው አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ቀበሌ ክሎሪኑን ዶሮ ቤት ያጥብበታል፤ እሳቸው ግራም አያባክኑም።»

ክሎሪን ካለህ ይዤላቸው ልሂድ ብዬ ስጠይቀው ባዶውን መጋዘን ከፍቶ አሳየኝ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይመጣል ተብሏል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድሜ፣ መመሪያውን ታውቀዋለህ። አንተ ‹ተስማሚ አይደለም› ካልክ ቧንቧውን ማሸግ ግዴታዬ ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ንጹህ እስኪወጣ አይከፈትም። ሕዝቡ ደግሞ ወንዝ ይወርዳል። ወረቀቱ ንጹህ ነው፤ ለምን ታበላሸዋለህ?»

«ውሃው ከቆሸሸስ?» አልኩት።

«እሱን ነው የምልህ» አለኝ።

ቅዳሜ

ለትምህርት ቤት ሲሚንቶ በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቼ፣ መንገዱ ካለቀበት ደግሞ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩ። ሣጥኑ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ አህያ የሚነዳ አንድ ገበሬ ደረሰብኝ። ምንም ሳይጠይቀኝ ሣጥኑን ተቀበለኝና አህያው ላይ ጫነው። ስንለያይ ላመሰግነው ብሞክር ተቆጣ፤ «አህያው ባዶውን ነበር የሚሄድ፣ ምን ያስመሰግናል?» ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። ደሴ ቢሆን ተሸካሚ ፍለጋ ብቻ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

አያ ይመር ከሩቅ አይተውኝ ሊቀበሉኝ ወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ የታንከሩን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸው ከሐዋና ከሐዋ ልጅ ከሰሚራ ጋር ይኖራሉ። የሐዋ ባል ዓረብ አገር ነው። ሰሚራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ክብደቷ ግን የዓመት ልጅ ነው። አያቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ሳትስቅም ሳታለቅስም ታየኝ ነበር።

ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ነገር አየሁ። የእኔ ወረቀት ነው። አያ ይመር ወደ ፊርማው ጠቆሙኝ።

«ይህ ያንተው እጅ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ሐዋ! ይህ ሰው እኮ ነው የፈረመልን!»

ሐዋ እጄን ይዛ ሳመችው። «ጋሼ፣ አላህ ያክብርልኝ። ድሮ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ አፍሉ ብላን ለልጄ እያፈላሁ ነበር የማጠጣት። ማገዶ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ስንከራተት ነበር የምውል። ያንተ ወረቀት ሲመጣ ነው የተገላገልኩ። ከዚያ ወዲህ አፍልቼ አላውቅም።»

አፍልቼ አላውቅም! ምን ልበላት? ገና አልመረመርኩም። የማሽላ እንጀራ በእርጎ ቀረበ፣ ከዚያም ውሃ በብርጭቆ። «አፈር ስሆን ጠጣ!» አሉኝ የሐዋ እናት። ጠጣሁ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ደሴ በሳምንት አንዴ መጥታ በርሜል ውስጥ ከምትከርመው ከኛዋ ውሃ በጣዕም መቶ እጅ ይበልጣል።

እሁድ

ከአያ ይመር ጋር ምንጩ ዘንድ ወጣን። አጥሩ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን አወለቁ፤ እኔንም አስወለቁኝ። የምንጩ ክዳን በክረምቱ ጎርፍ ጠርዙ ተሰንጥቋል፤ ከበላዩ ከብት ይውላል። ለማሳደስ ሦስት ጊዜ እንዳመለከቱ ነገሩኝ። «ግን ግዴለም፣ መድኃኒት እናደርግበታለን» አሉኝ።

ከታንከሩ ቀዳሁና የክሎሪን መለኪያዋን ኪኒን ጨመርኩበት። ክሎሪን ያለበት ውሃ ወዲያው ወደ ሮዝ ይቀየራል። ምንም አልተቀየረም። ሌላ ኪኒን ጨመርኩ። ያው ነው።

«አያ ይመር፣ ክሎሪን የለውም እኮ!»

«ዛሬማ እሁድ ነው» አሉኝ፤ እንዴት ይህ ይጠፋሃል በሚል ድምፅ።

«እሁድ ቢሆንስ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ። መድኃኒቱ ይሸታል። የሸተተ ውሃ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱእ ይሆናል አይሆንም የሚል ነገር ከሰው ሰምተዋል። ጾመኛም መድኃኒት ያለበት ውሃ ቀምሶ ጾሙን ቢያበላሽ ኃጢአቱ የሳቸው ነው። «ሰኞና ሐሙስ ከእስላሙ ሱና ብሎ በፈቃዱ የሚጾም አለ። ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኑ ይጾማል። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ከዚሁ ይቀዳል። የቀረኝ ማክሰኞ ነው። በማክሰኞ ማንም አይነካም። ማክሰኞ ማክሰኞ ደህና አድርጌ አደርግበታለሁ።»

«ለምርመራ የሚላክልኝስ መቼ ነው የሚቀዳው?»

«ረቡዕ ጠዋት ነዋ። የማክሰኞ ገበያ መኪና የሚመለስ ረቡዕ አይደል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴ የደረሰኝ ጠርሙስ ሁሉ የማክሰኞ መድኃኒት ያለበት የረቡዕ ውሃ ነበር። ሐሙስ ክሎሪኑ ይደክማል፣ ዓርብ የለም። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሕዝቡ የሚጠጣው ከብት የረገጠውን ነው። ፋይሉ ውስጥ ቀኖቹ ሁሉ ነበሩ፤ እኔም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቀን በየጊዜው በእጄ ገልብጫለሁ። አንድም ቀን «ለምን ሁልጊዜ ረቡዕ?» አላልኩም።

ጮህኩባቸው፤ አልደብቅም። «ማን አዘዘዎት?»

«ማን ያዘኛል ልጄ? ሰው አክብሬ ነው» አሉኝ፤ ደንግጠው።

ከሰዓት በኋላ የቀዳኋቸውን ናሙናዎች የሣጥኑ ማሞቂያ ውስጥ ከተትኩ፤ ተህዋስ ካለባቸው እስኪራባ አንድ ቀን መቆየት አለባቸው። የኔ ባትሪ ለካ አቀስታ ላይ ነው የሞተው። ሐዋ ከቤቱ ጣሪያ ሥር የሶላሩን ባትሪ ነቅላ አመጣችልኝ። የቤቱ ብቸኛ መብራት እሱ ነበር። «ለልጄ ጤና አይደል?» አለችኝ።

ሰኞ

ሳህኖቹን ስከፍት ቢጫ ነጠብጣብ ነው፣ ሌላ የለም። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ከዓይነ ምድር የመጣ ነፍስ ናት። የሚፈቀደው ዜሮ ነው። እኔ መቁጠር ጀምሬ ተውኩት፤ አንዱ ካንዱ ተደርቦ አይቆጠርም።

አያ ይመር አብረውኝ መስጊድ ሄዱ። ሸኹ ልጆች ቁርዓን እያስቀሩ ነበር፤ አቋርጠው ሰሙን። ሲያልቅ ወደ አያ ይመር ዞሩ።

«ይመር፣ ውሃን የሚያጠራ ነገር ውሃን አያበላሽም። ውዱእም ይሆናል። ጾመኛውም ቢሆን የሚጠጣ ካፈጠረ ወዲያ ነው። ምነው ብትጠይቀኝ?»

«ላስቸግርዎ አልወደድኩም» አሉ አያ ይመር።

ቄሱንም ከማሳ ሲመለሱ አገኘናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ውሃ ከሌላ፣ ከራሱ ጉድጓድ ነው የሚቀዱት፤ ከቧንቧው ቀድተው አያውቁም። «ጾምን የውሃ መድኃኒት አይሽረውም አያ ይመር። ወላሂ ብትጠይቁኝ እኔ ራሴ በየቀኑ አድርጉበት ብዬ አዝዝ ነበር» አሉ። ቄሱ ወላሂ ሲሉ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ሁሉም ሌላውን እንዳያስቀይም ተጠንቅቆ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ የምቆጣበት አገኝ ነበር።

ቤት ስንገባ ለሐዋ ነገርኳት። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሰሚራን።

«እንግዲያ በገዛ እጄ ነው ያጠጣኋት በለኛ።»

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ» አልኳት። አንገቴን ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የሐዋ እናት ናቸው «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ ጀርባዬን ያሹኝ። እኔ ላጽናና የሚገባኝ ሰዎች እኔን ሲያጽናኑ ዋሉ።

ማክሰኞ

ጠዋት የክሎሪኑን ቆርቆሮ ከፍተን ለካነው። በሳምንት አንዴ ከሆነ ሰባት ሳምንት ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ ሰባት ቀን። ገበያተኛው ተሰብስቦ ሳለ ሸኹና ቄሱ ጎን ለጎን ቆመው ውሃው በየቀኑ እንዲታከም፣ ሁሉም እያፈላ እንዲጠጣ ተናገሩ። ሕዝቡ ተስማማ። አንዲት ሴት «ማገዶውንስ ማን ይላክልን?» አለች።

ቅጹ እጄ ላይ ነበር። ሁለት ሣጥን አለው፤ ተስማሚ ነው፣ ተስማሚ አይደለም። ሦስተኛ ሣጥን የለውም። ለአያ ይመር የኃላፊውን ቃል ነገርኳቸው፤ እውነቱን ከጻፍኩ ቧንቧው ሊታሸግ እንደሚችል።

«እውነቱን ካላወቁ ክሎሪኑን ይልካሉ?»

«አይልኩም።»

«ካወቁስ?»

«መላክ አለባቸው» አልኩ።

«እንግዲያ እውነቱን ጻፍ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ክሎሪን በአስቸኳይ እንዲላክ፣ የምንጩ ክዳን እንዲታደስ፣ እስከዚያ ቧንቧው ሳይዘጋ ሕዝቡ እያፈላ እንዲጠቀም ብዬ ከሥሩ አንድ ሙሉ ገጽ ጨመርኩ። በቀይ አሰመርኩበት።

ረቡዕ

መንገዱ ጫፍ ድረስ በእግሬ ወጥቼ በገበያው መኪና ተመለስኩ። ሐዋ የተቆላ ሽምብራ በከረጢት ቋጠረችልኝ። ሰሚራ ሁለት ቀን የፈላ ውሃ ጠጥታ ተቅማጧ ቆሞላት ነበር፤ ስሰናበታት ከሽምብራው አንድ ፍሬ አንስታ በራሷ እጅ አጎረሰችኝ። በመንገዱ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነኝና።

መካነ ሰላም ላይ ኃላፊው ቅጹን አንብቦ ተነፈሰ። የጨመርኩትን ገጽ አገላብጦ አየና «ይህ ከቅጹ ውጭ ነው» አለኝ። አስረዳሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። «እሞክራለሁ» አለኝ። ምሳም ጋበዘኝ፤ አልዋጥልህ አለኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

የሆነው ይህ ነው። ክሎሪን ለመላክ በጀት ያስፈልጋል፣ ክዳን ለማደስ በጀት ያስፈልጋል። ለማሸግ ግን አንድ ሰው፣ ሰንሰለትና ቁልፍ ይበቃል። እኔ ደሴ በገባሁ በሳምንቱ ቧንቧው ታሸገ። መመሪያው ተከበረ። ማንም ጥፋተኛ አይደለም። ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ጠረጴዛ ደበደብኩ፤ ሁሉም ልክ ነህ ይለኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ላብራቶሪ ሳለሁ አያ ይመር ደወሉ። ኔትወርክ ለማግኘት ተራራው ላይ መውጣት አለባቸው፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ጤንነቴን ጠየቁኝ፣ ቤተሰቤን ጠየቁኝ፣ ከብርዱ እንዴት ነህ አሉኝ። ከዚያ ነው ሰሚራን ቅዳሜ እንደቀበሯት የነገሩኝ። ከወንዝ የተቀዳውን ሐዋ ስታፈላላት ሰንብታለች፤ ማገዶው ያለቀ ዕለት ግን ያልፈላውን ጠጣች። ሁለት ቀንም አልታመመች።

«አያ ይመር…» አልኩ።

«አብሽር ልጄ። የአላህ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ? የደወልኩልህ ለሌላ ነው። ሕዝቡ ሰንሰለቱን እንበጥስ እያለ ነው። የወንዙ ጭቃ ነው፣ ሌሎችም ልጆች ተኝተዋል። የምንጩም እንደምታውቀው ነው፤ መድኃኒቱ አልቋል፣ የተላከ የለም። እኔ በራሴ አልወስንም፤ አሁን መጠየቅ ተምሬያለሁ። የምታውቅ አንተ ነህ፤ ያልከንን እናደርጋለን። እንበጥሰው ወይስ እንተወው?»

ሁለቱንም መልስ አውጥቼ አውርጄ አየሁት፤ በሁለቱም ውስጥ ልጅ ይሞታል። እሳቸውም አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም። ተራራው ላይ ቆመው፣ የስልካቸው ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቁኝ።